መንፈሱ ሳይሆን ፊርማው፦ የጎቲክ ንባቤ እስካሁን

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ጎቲክ የሚባሉትን የድሮ አስፈሪ ልብወለዶች እያነበብኩ ነው። በተለይ ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ ያላቸውን። መጀመር ለምትፈልጉ የታዘብኩትን ላካፍላችሁ።

ዘውጉን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1764 የወጣው የሆራስ ዋልፖል "የኦትራንቶ ግንብ" ነው ይባላል። በእሱ ጀምሩ ግን አልልም። ግዙፍ የራስ ቁር ከላይ ወድቆ ሙሽራውን ሲጨፈልቀው ፍርሃቱ ቀርቶ ሳቄ መጣ። የሻርሎት ብሮንቴ "ጄን ኤር" (1847) ይሻላል። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ጄን በተቀጠረችበት ቤት ሌሊት ከላይኛው ፎቅ ሳቅ ይሰማል፤ እውነቱን የሚነግራት የለም። የጌታዋ አልጋ በእሳት ሲያያዝ ደግሞ ጄን ጩኸቷን አታቀልጠውም። ውሃ ትደፋበታለች፣ አለቀ።

የኔ ምርጥ ግን የአን ራድክሊፍ "የኡዶልፎ ምስጢሮች" (1794) ነው። ረጅም ነው። ተራራና ጫካ ሲገለጽ ገጹ አያልቅም፤ የቸኮለ ሰው ይሰለቸዋል። እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ውጭ ጉም ወርዶ፣ ጅብ እየጮኸ በስልክ ባትሪ ስታነቡት ግን ያ ሁሉ ገለጻ ሥራውን ይሠራል።

ሞንቶኒ የሚባል ሰው የዋና ገጸ ባሕርይዋን የኤሚሊን አክስት አግብቶ ሁለቱንም ወደ ግንቡ ይወስዳቸዋል። የሚፈልገው የአክስቷን ርስት ነው። "ፈርሚ" ይላታል፣ እምቢ ትላለች፣ ተዘግቶባት ትሞታለች። ከዚያ ተራው የኤሚሊ ይሆናል። በእንግሊዝ እስከ 1882ቱ ሕግ ድረስ ያገባች ሴት ንብረት በአብዛኛው በባሏ እጅ እንደነበር ሳውቅ፣ የዘመኑ ሴት አንባቢዎች ምን እንዳስፈራቸው ገባኝ። ለከተማ ዳር ነዋሪ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ሰፈር ሰው ከእንቅልፉ የሚያባንነው ጅቡ አይደለም፤ የካርታ ጉዳይ ነው።

ደግሞ ራድክሊፍ ብልጥ ናት። መንፈስ የመሰለውን ሁሉ መጨረሻ ላይ ምክንያት ታበጅለታለች። ፊርማው ግን ከመጀመሪያውም እውነት ነበር።

አብራኝ የምታነብ ጓደኛዬ አትስማማም። "በየምዕራፉ ራሷን የምትስት ሴት ምኑ ላይ ነው ጠንካራ?" ትላለች። ኤሚሊ በየጊዜው ራሷን መሳቷ አይካድም፤ አንዳንዴ እኔንም ታናድደኛለች። ግን ያለ ዘመድ፣ ያለ ገንዘብ፣ በሰውየው ግንብ ውስጥ ሆና ፊት ለፊት "አልፈርምም" ማለት ቀላል ነው እንዴ? ሰይፍ መምዘዝ ብቻ አይደለም ጥንካሬ።

አሁን የዳፍኒ ዱ ሞሪየር "ሬቤካ" (1938) ላይ ነኝ። ተራኪዋ አዲስ ሙሽራ ናት፤ ስሟ እንኳ አይነገረንም። የቤት ሠራተኞቹ አለቃ፣ ሚስስ ዳንቨርስ፣ የሟቿን ሚስት ዕቃ እያሳየች ቁም ስቅሏን ታሳያታለች። ይህችኛዋ ጠንካራ ትሁን አትሁን ገና አልወሰንኩም። የጨረሳችሁ ካላችሁ መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ፣ አደራ።