የትናንት ከተማ?

«አዲስ አበባ እኮ የትናንት ከተማ ናት» የሚሉት ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ ተባለ። ፒያሳ ማኪያቶ ሲጠጣም ይባላል። «ምን ጥንታዊ ነገር አላት ብለህ ነው?» ይሉኛል። ለነገሩ ትምህርት ቤትም የነገሩን ይህንኑ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወረዱ፣ ፍል ውሃውን ወደዱት፣ ቤት ተሠራላቸው፣ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። በቃ።

ምኒልክ መጀመሪያውኑ እዚያ ብርድ ላይ ለምን ወጡ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ነፋሱ ያንዘፈዝፋል፣ ማገዶም ብዙ ሳይቆይ አልቆ ነበር። ለጦር ግን አመቺ ነው፤ የመጣ ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ሌላም ምክንያት ነበራቸው። በ1870ዎቹ ተራራው ላይ የድሮ ከተማ ፍርስራሽ ተገኘ። የአፄ ልብነ ድንግል ነው ተባለ። ምኒልክም የአባቶቼ መቀመጫ ነው ብለው ሰፈሩበት። በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም እዚያው፣ እንጦጦ ማርያም ነው። አዲስ የምንላት ከተማ የተጀመረችው አሮጌ ከተማ ፍለጋ ተወጥቶ ነው ማለት ነው።

እንጦጦ ላይ ባለ አምስት ማዕዘን የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ አለ። ያጠኑት ሰዎች ቅጥሩ ከ500 ሜትር እንደሚረዝም፣ 12 ማማዎች እንደነበሩት ጽፈዋል። የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው ይላሉ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። የዚያ ዘመን ነገሥታት እንደምናውቀው ድንኳናቸውን ይዘው የሚዞሩ ነበሩ። ዛሬ እዚህ፣ ክረምት ሲወጣ ሌላ ቦታ። ሠራዊቱ፣ ቀሳውስቱ፣ ነጋዴው፣ ጠጅ ጣዩ ሁሉ ተከትሎ ይነሳል። ድንኳን ሲነሳ የሚቀር ነገር የለም። 12 ማማ በድንጋይ የሚያስገነባ ሰው ግን ለመቀመጥ አስቧል። ወይም የሚፈራው ነገር አለ። ምናልባት ሁለቱም።

ወሬው ሲጠነክር ባራራ የሚባል ስም ይመጣል። ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠርቶ ነበር፤ አሁንም ቬኒስ ውስጥ አለ። እኛ አገር መጥቶ አያውቅም። ስለ ኢትዮጵያ የሣለውን የነገሩት የአገሩ ተወላጅ የሆኑ መነኮሳት ናቸው፤ በእጃቸው ሣሉልኝ ይላል። አዋሽን አስቀምጧል። የንጉሡ ዋና መቀመጫ ብሎ ደግሞ ባራራን ጽፏል። ሽምብራ ኩሬ ላይ በ1521 ዓ.ም. የአፄ ልብነ ድንግል ጦር በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። ባራራም በዚያ ጦርነት ዘመን እንደጠፋች ይታመናል።

ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ስለ ባራራ፣ በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል ስላሉት የድሮ ሰፈሮችም ጽፈዋል፤ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ገብቼ መቃብራቸው ጋ ቆም አልኩ። እናታቸው ሲልቪያም እዚያው ናቸው። ብዙ አልቆየሁም፤ ዝናቡ መጣ።

እንጦጦ ያለው ቅጥር ራሱ ባራራ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ግን ምሁራን አልተስማሙም። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ መቸኮል ያስፈራኛል። ባራራ በተነሳ ቁጥር ጨዋታው ወዲያው «ከተማዋ የማን ናት?» ወደሚለው ይዞራል። አንዱ ድንጋዩን እንደ ካርታ ወረቀት ያውለበልበዋል፤ ማለቴ የቤት ካርታ። ሌላው ደግሞ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም ብሎ ይነሳል። በመሃል ግን ሦስት መቶ ዓመት የሚያህል ሕይወት አለ። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን፤ እነዚህ የኦሮሞ ጎሳ ስሞች ናቸው፤ ታክሲ ውስጥ በየቀኑ እንጠራቸዋለን። ምኒልክ ሲመጡ ባዶ ሜዳ አልጠበቃቸውም። የ12ቱን ማማ ዕድሜ ለማመን የእነዚህን ሰዎች ዕድሜ መካድ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቅጥሩን በደንብ ሳንቆፍር፣ ሳንለካ፣ ሳናጥር ነው የምንከራከርበት። ከ2013 ጀምሮ እንጦጦ ፓርክ ብስክሌትና ቡና ፍለጋ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ስለ ምሽጉ ሰምተው እንደሆነ የጠየቅኳቸው የመሥሪያ ቤት ልጆች ግን «የምኒልክን ቤተ መንግሥት ነው?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ማን ነገራቸው?

ማታ የካርታውን ፎቶ ለታናሽ ወንድሜ ላክሁለት። «ምኑም አይገባም፣ ግብፅ ከታች ነች እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። አዎ፤ ሰውዬው ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሣለው። ስልክህን ገልብጠው አልኩት። ገለበጠው፣ ስክሪኑም አብሮ ዞረበት። የስክሪን መዞሪያውን እስኪያጠፋ ድረስ አዋሽን ሳያገኝ እንቅልፉ መጣ።