አሽከርካሪ አልባ መኪና ስንፈትን ያስቸገረን ሰዓት ነው

ሥራው ሲነገረኝ ቀላል ነበር። ከቆመ መኪና ጀርባ እግረኛ ብቅ ሲል አሽከርካሪ አልባው መኪና ይቆማል ወይስ አይቆምም? ይህንን በዝግ መሞከሪያ ሜዳ ደጋግሞ ማየት ነው። እግረኛው እርግጥ ሰው አይደለም። ውስጡ ስፖንጅ የሆነ፣ በቀበቶ የሚጎተት አሻንጉሊት ነው። ቢገጭም ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል።

የአሻንጉሊቱ እግሮች ይወዛወዛሉ። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ራዳር ሰውን ከሌላ ነገር ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ የእግር እንቅስቃሴ ነው። እግሩ ደርቆ የሚንሸራተት ከሆነ የፈተናችሁት እግረኛን አይደለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት መገጣጠሚያውን በእጄ አወዛውዤ አያለሁ።

አሻንጉሊቱ የሚነሳው መኪናው አንድ ነጥብ ላይ ሲደርስ ነው። ነጥቡ ከዙር ወደ ዙር ከተዛነፈ የትናንቱን ሶፍትዌር ከዛሬው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ለዚህም ከመሬት ጣቢያ እርማት እየተቀበለ ቦታን በሴንቲሜትር ደረጃ የሚያውቅ ጂፒኤስ ተጠቀምን። ቦታው በዚህ ተፈታ። ሰዓቱ ግን አስለቀሰን።

መኪናው፣ አሻንጉሊቱ፣ ካሜራዎቹ፣ የመንገድ ዳር አንቴናው፣ ሁሉም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ አንድ አስረኛ ውስጥ ወደ 1.4 ሜትር ይጓዛል። ሰዓቶቹ በዚያችው ያህል ከተለያዩ «ለጥቂት ቆመ» ያላችሁት ዙር በመረጃው ላይ ግጭት ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ የጂፒኤስ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት በ18 ሰከንድ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ መደበኛውን ሰዓት ከምድር ዙረት ጋር ለማስታረቅ የተጨመሩበትን ትርፍ ሰከንዶች ጂፒኤስ አይቆጥራቸውም። 18ቱስ ዓይን ያወጣ ነው፣ ማንም ያየዋል። የሚያሳብደው ሚሊ ሰከንዱ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ሆነ። ጂፒኤሱ በየሰከንዱ የሚልከውን ምት ተከትላ ብልጭ የምትል ትንሽ አምፖል ሁሉም ካሜራ በሚያያት ቦታ ሰቀልን። ቪዲዮውና መረጃው ሲጣሉ ዳኛዋ እሷ ናት።

ሌላው ከመጀመሪያው ያስገደድኩት ነገር መኪናው ፍሬን መያዙን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ምን ብሎ እንደጠራው መመዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሪዞና ቴምፒ ከተማ የኡበር የሙከራ መኪና ሳይክል እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገድሏል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳጣራው፣ መኪናው ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ ቀደም ብሎ አይቷታል። ግን አንዴ ተሽከርካሪ፣ አንዴ ሳይክል፣ አንዴ «ሌላ» እያለ ስሟን ይቀያይር ነበር። ስም በቀየረ ቁጥር ወዴት እየሄደች እንደነበር ይረሳዋል። «ቆመ፣ አልቆመም» ብቻ የሚል ሠንጠረዥ እንዲህ ያለውን ነገር አያሳያችሁም።

እርስ በርስ የሚነጋገሩ መኪኖችን ስንሞክር ደግሞ ሜዳው ራሱ ሸወደን። መኪኖቹ ያሉበትን ቦታ፣ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን በሰከንድ 10 ጊዜ በ5.9 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ያስተላልፋሉ። ገላጣ ሜዳ ላይ አንድም መልእክት አይጠፋም፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። በመካከላቸው ትልቅ የጭነት መኪና ስናቆም ግን መልእክቱ ይንጠባጠብ ጀመር። እኔ የማምነው ያንን ውጤት ነው።

የአሜሪካው የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው ኤምሲቲ የተባለ የመኪና መሞከሪያ ሜዳ ይህ ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። የሕንፃ ፊቶች አሉት፤ ራዳር የሚያደናግር የብረት ድልድይ አለው፤ የሳተላይት ሲግናል የሚያዳክም የዛፍ ጥላ ማስመሰያም አለው። የተሞነጫጨሩ የመንገድ ምልክቶችም ሆን ተብለው ተተክለዋል።

ሜዳ ልትከራዩ ከሆነ መኪናው ሳይመጣ ለሰዓት ማስተካከያ አንድ ሙሉ ቀን ያዙ። አስፋልቱ አዲስ፣ መስመሩ ቦግ ያለ ቦታ ሲያሳዩአችሁም «ቀለሙ የለቀቀው የቱ ጋ ነው?» በሏቸው።