ራውተሩ ጠፍቶ ላፕቶፖቹ ሲበሩ

ኪሊንጦ ዶርም ውስጥም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ወዲያው ድርግም ይላል፤ ላፕቶፖቹ ግን በባትሪ ይቀጥላሉ። ሁሉም ማሽን በሕይወት አለ፣ አንዱ ሌላውን ግን አይሰማም። የዲስትሪቢዩትድ ሲስተም (በኔትወርክ ተያይዘው አብረው የሚሠሩ ማሽኖች) ኮርስ ስላይድ ላይ «ኔትወርክ ፓርቲሽን» የተባለው ይኼው ነው። በአንድ ማሽን ላይ ሦስት ፕሮሰስ ከፍቶ ከመሥራት፣ ሦስት ሆናችሁ ሦስት አሮጌ ላፕቶፕ ብታገናኙ ኮርሱ ቶሎ ይገባችኋል።

መጀመሪያ መግባት ያለበት ነገር፣ መልስ አለመምጣቱ ምንም እንደማይናገር ነው። በስልክ 500 ብር ልካችሁ ስክሪኑ እየዞረ ቢቀር፣ ወይ ጥያቄው አልደረሰም፣ ወይ ደርሶ ተፈጽሞ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወይ ሰርቨሩ ገና እየሠራበት ነው። ከላኪው በኩል ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው። ደግማችሁ ብትልኩ 1,000 ሊሄድ ይችላል። መፍትሔው ለጥያቄው ገና ሳይላክ መለያ ቁጥር መስጠት ነው፤ ሰርቨሩ ቁጥሩን ከውጤቱ ጋር ይመዘግባል፣ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ሥራውን ሳይደግም የቀድሞውን መልስ ይሰጣል። ተማሪ እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል፦ ሲደግም አዲስ ቁጥር ያወጣል፣ ወይም ቁጥሩንና ዝውውሩን በተለያየ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጸና ወይ ሙሉ በሙሉ የሚቀር ሥራ) ይጽፋል። በሁለቱ መሀል ማሽኑ ከጠፋ ብሩ ሄዶ ቁጥሩ አልተመዘገበም ማለት ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን በ1985 ያረጋገጡት የዚሁን ጥግ ነው። የመልእክት መዘግየት ገደብ ከሌለውና አንድ ማሽን እንኳ ሊሞት ከቻለ፣ ዕጣ ሳይጠቀም ሁልጊዜ ስምምነት ላይ የሚደርስ አልጎሪዝም የለም። ለፋይናል ማረጋገጫውን በቃል ከመያዝ «የዘገየና የሞተ አይለዩም» የሚለውን መያዝ ይሻላል።

ወደ ላፕቶፖቹ እንመለስ። የኔትወርክ አድራሻቸውን ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ቋሚ አድርጉ። አለዚያ መብራት ሲመለስ አድራሻቸው ሊለወጥ ይችላል፤ ኖዶቹ (ማለትም ላፕቶፖቹ) የድሮውን ሲጠሩ ያድራሉ፣ እናንተም የሌለ ስህተት ኮዳችሁ ውስጥ ስትፈልጉ ታድራላችሁ። ከዚያ ራፍትን፣ ማለትም ማሽኖቹ መሪ መርጠው በአንድ መዝገብ እንዲስማሙ የሚያደርገውን አልጎሪዝም፣ ጻፉ። በ2014 በወጣው ጽሑፍ ላይ መሪው ድምፁን ካጠፋ አዲስ ምርጫ እስኪጠራ የሚጠበቀው ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ በዕጣ የሚወጣ ነው። በተጨናነቀ የዶርም ዋይፋይ ይህ ያንሳል፤ መሪው ሳይሞት ምርጫ ይጠራል፣ የተርም (የመሪነት ዙር) ቁጥሩ ብቻ ይንራል። ከ1 እስከ 2 ሰከንድ አድርጉት፣ የመሪው የልብ ትርታ («አለሁ» የሚለው መልእክት) ደግሞ በየ100 ሚሊሰከንዱ ይሁን።

አሁን የመሪውን ዋይፋይ አጥፉ። የቀሩት ሁለቱ ከሦስት አብላጫ ስለሆኑ አዲስ መሪ ይመርጣሉ። አሮጌው መሪ ገና መሪ ነኝ ብሎ ሎጉ (የትእዛዝ መዝገቡ) ላይ ይጽፋል፣ ግን የሚያጸድቅለት የለም። ዋይፋዩን ስታበሩት ከፍ ያለ ተርም አይቶ ይወርዳል፣ ያልጸደቀው ጽሑፉም ይሰረዛል። ለደንበኛው «ተፈጽሟል» ብሎ መልሶ ከነበረ ኮዳችሁ ስህተት አለበት። አራተኛ ላፕቶፕ መጨመር አይጠቅምም፦ የአራት አብላጫ ሦስት ነው፣ የሚችሉት ሞትም ያው አንድ ነው። ሁለት ለመቻል አምስት ያስፈልጋል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ፈተና የመሪውን ላፕቶፕ ክዳን ለ20 ሰከንድ መዝጋት ነው። ማሽኑ ያንቀላፋል፤ ሲከፈት ከነበረበት ይቀጥላል እንጂ ጊዜ እንዳለፈ፣ ሌሎቹም አዲስ መሪ እንደመረጡ አያውቅም። ያን ጊዜ አንድ ደንበኛ ከእሱ ላይ ቢያነብ፣ አብላጫውን ሳይጠይቅ ከራሱ ሜሞሪ አሮጌ ዋጋ ይሰጣል። «ለ10 ሰከንድ መሪነት ተሰጥቶኛል» የሚል ሊዝ ብትጠቀሙም ሰዓቱን ካልመረጣችሁ አያድንም፤ ሊነክስ ላይ ሞኖቶኒክ የተባለው ሰዓት እንቅልፍን አይቆጥርም፣ ቡትታይም የተባለው ግን ይቆጥራል።

በግድግዳ ሰዓት (ማሽኑ በሚያሳየው ቀንና ሰዓት) የክንውኖችን ቅደም ተከተል አትወስኑ። በሚሊዮን 20 የሚስት የሰዓት ክሪስታል በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ይዛባል፤ የእናት ሰሌዳው ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ላፕቶፕማ ተነስቶ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ነኝ ሊል ይችላል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ላምፖርት በ1978 ያመጣው ቆጣሪ ይበቃል፦ በየክንውኑ አንድ ጨምሩ፣ መልእክት ሲደርስ ከራሳችሁ ቁጥርና ከመልእክቱ ጋር ከመጣው የሚበልጠውን ወስዳችሁ አንድ ጨምሩ።

ባትሪው የሞተ፣ ቻርጀር ላይ ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ካላችሁ አትጣሉት። በራፍት ውስጥ ኖዱ ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ተርሙንና ማንን እንደመረጠ ዲስክ ላይ ማስፈር አለበት፤ ለፋይሉ መጻፍ ብቻ አይበቃም፣ ኤፍሲንክ (ጽሑፉን በትክክል ዲስክ ላይ የሚያሰፍረውን ትእዛዝ) መጥራት ያስፈልጋል። ይህ ከተዘለለ ፕሮሰሱን ገድላችሁ ብታስነሱት ምንም አይታይም፣ ምክንያቱም ጽሑፉ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪ ውስጥ አለ። ሶኬቱን ስትነቅሉት ግን ኖዱ ድምፅ መስጠቱን ረስቶ ይነሳል፣ በዚያው ተርም ለሌላ ኖድ ድምፅ ይሰጣል፣ ሁለት መሪም ይወጣል።