የፑንጃብ መውቂያ በምንጃር አውድማ

በሕንድ ፑንጃብ ግዛት፣ በሉዲያናና በሞጋ ከተሞች፣ የእህል መውቂያ የሚሠሩ አነስተኛ ፋብሪካዎች በብዛት ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ማሽኑ እዚህ አገር እንዲገጣጠምና ሙያውም ደረጃ በደረጃ እንዲተላለፍ እኔ ከምሠራበት ወርክሾፕ ጋር ተዋውሎ ነበር። በውሉ መሠረት መጀመሪያ ቡሎን እናስራለን፣ ቀለም እንቀባለን፤ ቀጥሎ ላሜራውን ቆርጠን እንበይዳለን፤ ነዶውን የሚወቃውን ከበሮና የሚዞርበትን ሻፍት በራሳችን ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) የምናወጣው በስተመጨረሻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች በግቢያችን በስንዴ ተሞክረው ያለ እንከን ሠሩ። በታኅሣሥ ወር ምንጃር ወስደን የጤፍ ነዶ ስናጎርሳቸው ግን ሞተሩ መታነቅ ጀመረ፤ ኦፕሬተሩም ነዳጅ እየጨመረ ፍጥነቱን ከተወሰነለት በላይ ሲያደርገው ከበሮው ነዶውን ያለ ችግር ይውጥ ስለነበር ነገሩ የተስተካከለ መሰለን። የአውድማው ባለቤት ሚስት ከማሽኑ ጀርባ የወጣውን እብቅ በሰፌድ አንገዋለው የተረፈውን ጤፍ ለባላቸው አሳዩ። አዛውንቱም ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ በሬዎቼ እንኳ ሲያበራዩ ይህን ያህል አይበሉብኝም» አሉ።

ችግሩ አንድ አልነበረም። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ኃይሉን ያጣል፤ ሉዲያና ከባሕር ጠለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ እኛ የነበርንበት ማሳ ደግሞ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የጎደለውን ኃይል ለማካካስ ሞተሩን ባፈጠንነው ቁጥር፣ እብቁን በነፋስ የሚለየው ማራገቢያ ከዚያው ሞተር በቺንጋ የሚዞር በመሆኑ፣ ነፋሱም አብሮ ይበረታል። የ1,000 ስንዴ ፍሬ ክብደት 35 ግራም ገደማ ሲሆን የ1,000 ጤፍ ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ለስንዴ የተለካ ነፋስ ጤፉን ከእብቁ ጋር ይዞት ይሄዳል። በዚያ ላይ የፑንጃብ መውቂያ የስንዴውን አገዳ ለከብት መኖ እንዲሆን አድቅቆ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ የደቀቀው የጤፍ ጭድ ወንፊቱን ይደፍነዋል።

ከፋብሪካው የመጣው ወጣት መሐንዲስ ሪፖርት ጽፎ አዲስ ንድፍ እስኪላክ እንድንጠብቅ ፈለገ። አብሮት የመጣው አዛውንት መካኒክ ግን፣ እምብዛም ትምህርት የሌለው ሰው ነው፣ የማራገቢያውን አየር ማስገቢያ በቁራጭ ላሜራ ከፊሉን ዘጋና የቶርኖ ባለሙያችንን ጠርቶ ማራገቢያው ቀስ ብሎ እንዲዞር በሻፍቱ ላይ የሚገባ ዙሪያው ሰፋ ያለ ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) እንዲያወጣ በእጁ እያሳየ አስረዳው። የሁለቱ ቋንቋ ባይገጥምም ሥራው በማግስቱ አለቀ፤ በእኔ ግምት በዚያ ዓመት ከተላለፈልን ሙያ ትልቁ ይህ ነው፣ በውሉ ውስጥ ግን አንድም መስመር አልተጻፈለትም። የፑንጃብ ፋብሪካዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲሱ የስንዴ ዘር ምርቱን ሲያበዛው ከመንደር አንጥረኞችና ከትንንሽ ወርክሾፖች ያደጉት ማሽኑን ገበሬው ማሳ ላይ እያዩ በማረም ነበር፤ ባሕር ሲሻገሩ ግን ንድፉን ልከው አራሚውን ያስቀራሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ውሉ ሲታደስ መካኒኩ በየውቂያው ወቅት እንዲመጣና በማራገቢያው ላይ የምናደርገው ለውጥ የፋብሪካውን ፈቃድ እንዳይጠይቅ ተስማማን። የወንፊቱን ቀዳዳ የሚበሳውን ሞልድ ግን ባለቤቱ አልሰጠንም፤ ከሰጠን ነገ ተፎካካሪው እንደምንሆን ስለሚያስብ ነው፣ በዚህም አልፈርድበትም። ለጤፍ የሚሆነው ወንፊት እስካሁን ከሉዲያና ተጭኖ ይመጣል፤ እኛም በየዓመቱ ከመኸር በፊት ለእርሱ የውጭ ምንዛሪ ስንጠይቅ እንከርማለን።