ግራፊክስ ካርድ ገጥሜ ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲለኝ ያደረግኩት

አዲስ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ወደ ሞኒተሩ የሚያወጣውን ዕቃ) ገጥማችሁ ኮምፒውተሩ እምቢ ካላችሁ፣ ካርዱ ተበላሽቶ ነው የመጣው ብላችሁ ለመመለስ አትቸኩሉ። የእኔ ካርድ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ ሁለት ነበር፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ የተደበቀ፣ ያለፋኝም ይሄው ነው።

ከሁሉ በፊት «አልነሳም» ያለው እንዴት እንደሆነ ልብ በሉ። ጭራሽ ድምፅ የለውም? ፋኖቹ ትንሽ ዞረው ይቆማሉ? ወይስ ሁሉም እየዞረ ሞኒተሩ ጥቁር ነው? ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ዊንዶውስ ከገባ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

የእኔ ሁለተኛው ነበር። ማብሪያውን ስጫን የፕሮሰሰሩ ፋን ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ነቅነቅ ብሎ ይቆማል፣ ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ውስጥ ጠቅ የምትል ድምፅ ትሰማለች፣ ከዚያ ዝም። ደግሜ ስጫን ምንም የለም። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) የተቃጠለ ስለሚመስል ያስደነግጣል። ግን ፓወር ሰፕላይ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ወይም ሾርት ሲያገኝ ራሱን ይቆልፋል። እንዲለቅ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ማብሪያውን አስር ሴኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ትንሽ ጠብቃችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

ካርዱን አወጣሁትና ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ። ተነሳ! ደስ ያለኝ ራሙም፣ ፕሮሰሰሩም፣ ማዘርቦርዱም በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ስለወጡልኝ ነው። ይሄ የሚሆነው ግን ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ነው። የኢንቴል ሆኖ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለበት ያለ ካርድ ምንም አያሳይም፣ ስለዚህ የድሮ ካርዳችሁን መልሳችሁ ሞክሩ።

ከዚያ ወደ ኃይሉ ሄድኩ። ካርድ ከሚሰካበት ስሎት የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ይጨምርለታል። የእኔ ባለ አንድ 8 ፒን ስለሆነ እስከ 225 ዋት ሊወስድ ይችላል ማለት ነው። የፓወር ሰፕላዬ ጎን ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተጽፏል። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ሰንጠረዥ ግን አንብቧት፦ የ12 ቮልቱ መስመር 25 አምፒር ብቻ ነው የሚለው። 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚችው መስመር ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ አርጅቷል።

እዚህ ላይ በጣም የምለምናችሁ ነገር አለ። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡ ሁለት ዓይነት ባለ 8 ፒን ገመዶች አሉ፣ የፕሮሰሰሩ 4+4 ሆኖ ይከፈላል፣ የካርዱ 6+2። ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፣ ነገር ግን 12 ቮልቱ የሚመጣበት ጎን የተገላበጠ ስለሆነ አልገባ ካለ በጉልበት አታስገቡት። ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል ዓይነት ከሆነም የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ ልክክ ብሎ ቢገባ እንኳ አትጠቀሙበት፣ ውስጡ ያለው አሰላለፍ ሊለያይና ዕቃችሁን ሊያቃጥል ይችላል።

ከጓደኛዬ ጠንከር ያለ ፓወር ሰፕላይ ከነገመዱ ተውሼ ገጠምኩ። ፋኖቹ ዞሩ፣ አልቆሙም። ሞኒተሩ ግን ጥቁር።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ «ፓወር ሰፕላዩ አልነበረም» ይልና አሮጌውን ይመልሳል። ተውት። ምልክቱ ከተቀየረ አንድ ነገር ተፈቷል ማለት ነው፣ አሁን የምትፈልጉት ቀጣዩን ነው። ማዘርቦርዱ ጫፍ ላይ ቪጂኤ ከሚለው ጽሑፍ (የግራፊክስ ካርዱ ምልክት ነው) አጠገብ ቀይ መብራት በርቶ ቀርቷል። የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካቱን አየሁ። ካርዱን አውጥቼ የስሎቱ መቆለፊያ ቀጭ እስኪል መልሼ አስገባሁት። ካርድ ሲገጠም እጅ ስለሚነካው ራሙንም ነቅዬ ሰካሁ። መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

የቀረው ባዮስ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም። ማዘርቦርዱ ከካርዱ በዕድሜ ይበልጣል፣ ባዮሱም ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። የአምራቹ የማሻሻያ ዝርዝር ውስጥ ለአዳዲስ ግራፊክስ ካርዶች የተደረገ ማስተካከያ አየሁ። ካርዱን አወጣሁ፣ ፋይሉን በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ጭኜ ከባዮሱ ውስጥ አሻሻልኩ። ይሄ ሥራ እየሄደ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፣ ስለዚህ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ምረጡ። ማሻሻያው ሴቲንጉን ወደ መጀመሪያው ስለሚመልሰው የማስነሻው ዘዴ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ) ወይስ ሲኤስኤም (የድሮው) እንደነበር ቀድማችሁ ፎቶ አንሱት፣ ያለዚያ ዊንዶውስ ጠፋ ብላችሁ ሌላ ጭንቀት ውስጥ ትገባላችሁ።

ካርዱን መለስኩት። ቀዩ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ የማዘርቦርዱ አርማ ሞኒተሩ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ምስሉ ትልልቅና ደብዛዛ ነበር፣ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም) ሲጫን ተስተካከለ።

የተዋስኩትን ለባለቤቱ መልሼ የራሴን ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ስመርጥ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ትቼ የ12 ቮልቱን አምፒር ነው ያነበብኩት።