ኢንተርኔት በሌለው ላፕቶፕ ላይ የዋይፋይ ካርድን ማስነሣት

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ቤት መጣ። መንቀራፈፍ አብዝቶበት ስለነበር ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጠን ፎርማት አደረግነው፤ ዊንዶውስ 10ም ያለ ችግር ተጫነ። ስንከፍተው ግን የዋይፋይ ምልክቱ ጠፍቶ፣ የኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚዘረዘሩበት በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ኔትወርክ ኮንትሮለር» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቢጫ ምልክት አገኘን። ላፕቶፑ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ እንኳ የለውም። ድራይቨሩን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ።

በመጀመሪያ የላፕቶፑን ሞዴል ስም ፈልጌ የዋይፋይ ድራይቨሩን በስልኬ አወረድሁና በገመድ ገለበጥሁት። ጭነነው አጥፍተን ብናበራውም ቢጫው ምልክት ከቦታው አልተነቃነቀም። አምራቾች በአንድ ሞዴል ውስጥ አንዳንዴ የኢንቴል፣ አንዳንዴ የሪልቴክ ካርድ ስለሚገጥሙ፣ ላፕቶፑ ላይ የተጻፈው ስም ውስጡ ያለውን ካርድ አይነግርም።

የሚነግረው የካርዱ መለያ ቁጥር ነው፤ ይህንን ማንም ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቢያየው እመክራለሁ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ስም በቀኝ ክሊክ ነክተን ፕሮፐርቲስን ስንከፍት፣ ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ሃርድዌር አይዲስን ስንመርጥ፣ ረጅም የፊደልና የቁጥር ተርታ ይመጣል። ከ«ቬን» ቀጥለው ያሉት አራቱ አምራቹን፣ ከ«ዴቭ» ቀጥለው ያሉት አራቱ የካርዱን ዓይነት ይገልጻሉ። 8086 ኢንቴል ነው፤ 10ኢሲ ሪልቴክ፤ 14ኢ4 ብሮድኮም። የእኛው 10ኢሲ እና ሲ821 ስለሚል ሪልቴክ 8821ሲኢ መሆኑ ታወቀ፤ እኔ ግን የጫንሁት የኢንቴልን ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድሮይድ ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ የስልኩን ኢንተርኔት በገመዱ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አበራሁ። ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆነውን ድራይቨር አብሮት ስለሚይዝ፣ ስልኩ ራሱ እንደ ኔትወርክ ካርድ ሆኖ ያገለግላል፤ ስልኩ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ከተገናኘም ያንኑ ስለሚያስተላልፍ የሞባይል ዳታ አይበላም። (ለዚህ መጀመሪያ የሰካሁት ሌላ ገመድ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ስለነበር ምንም አላሳየም፤ ገመዱ ዳታ የሚያሳልፍ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።) ዊንዶውስ አፕዴትን ስናስነሣው ትክክለኛውን ድራይቨር ራሱ አመጣ፤ የጎረቤቶቻችን ዋይፋይ ስሞችም አንድ በአንድ ተደረደሩ።

በአይፎን ቢሆን ኖሮ የአፕል ድራይቨር አስቀድሞ መጫን ስላለበት ነገሩ ይከብድ ነበር። ዊንዶውስ 11 ሆም ደግሞ ገና በመጫን ላይ ሳለ ኢንተርኔት ስለሚጠይቅ፣ ዝግጅቱ ከፎርማት በፊት ማለቅ አለበት። ለዚህ የሚሻለው መንገድ አሮጌው ዊንዶውስ ሳይጠፋ፣ ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍቶ ፒኤንፒዩቲል በሚባለው ትእዛዝ ያሉትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ ፍላሽ ማውጣት ነው። እኛም ላፕቶፑን ከመዝጋታችን በፊት ይህንኑ አድርገን፣ ፍላሹን ከቦርሳው የውስጥ ኪስ ከተትንለት።