የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ቴሲስ እንደሆነኝ

ሰሞኑን ማስተርሳችንን በስሪዲ ፕሪንቲንግ (ፕላስቲክ አቅልጦ በላይ በላዩ እየደረበ ዕቃ በሚሰራ ህትመት) መስራት እንፈልጋለን ከየት እንጀምር የሚሉኝ ልጆች ስለበዙ የኔን ልጻፍላችሁ። እኔ ስጀምር ፕሪንተር በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር።

ፕሮፖዛሌ የተሰበረ የማሽን ጊር በፕላስቲክ አትሞ መተካት የሚል ነበር። አድቫይዘሬ አንብበው ሲጨርሱ "ልጄ፣ የምታትመው ነገር ስንት እንደሚሸከም መጀመሪያ አውቀኸዋል?" አሉኝ፣ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ጊሩን ትቼ ወደ መጎተቻ ሳምፕል ገባሁ፣ ማለት ጥንካሬው እንዲታወቅ እስኪሰበር በማሽን የሚጎተት ቁራጭ።

ፒኤልኤ የሚባለውን ፕላስቲክ ነው የተጠቀምኩት፣ ክሩ 1.75 ሚሊ ሜትር፣ ኖዝሉ (የቀለጠው የሚወጣበት ቀዳዳ) 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ሙቀቱ 205 ዲግሪ፣ ቤዱ (የሚታተምበት ጠረጴዛ) 60 ዲግሪ፣ ማለት ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ሴቲንግ። ግን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱን ውርጭ ነው፣ ላቡ ማሞቂያ የለውም ፕሪንተሩም ክፍት ነው፣ ጠርዙ ከቤዱ እየተላቀቀ ይቆለመማል፣ ቆመው የታተሙት ሳምፕሎች ደግሞ ገና ሲጎተቱ በሌየሩ (በንብርብሩ) መሀል ቀጥ ብለው ይሰበራሉ። አንድ ወር ሙሉ ስላይሰሩን (የህትመቱ ሴቲንግ የሚሞላበትን ሶፍትዌር) ስነካካ ከረምኩ።

ነገሩን ያየው የላብ ቴክኒሻኑ ነው። "የሚሰበሩት እኮ ጠዋት ጠዋት የምታትማቸው ናቸው" አለኝ። ላረጋግጥ ብል ሳምፕሎቹ ላይ ሰዓት አልጻፍኩም፣ የትኛው መቼ እንደታተመ አይታወቅም፣ በቃ ሁሉንም ጣልኳቸው። በጣም ነው ያመመኝ። ከዛ ወዲህ እያንዳንዱ ላይ ቀን፣ ሰዓትና የክፍሉን ሙቀት በማርከር እጽፋለሁ፣ እናንተም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አዲሱ ሌየር ሲያርፍ የስሩ ገና ሞቅ ያለ መሆን አለበት፣ ፒኤልኤ ከ60 ዲግሪ አካባቢ በታች ሲወርድ ይደርቃል፣ ከዛ በኋላ የላዩና የታቹ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ለመጠላለፍ ጊዜ አያገኙም። ከላይ ሲታይ ምንም አይልም፣ ውስጡ ግን አልተያያዘም። በካርቶን ሳጥን ሸፍኜ ሳትም ልዩነቱ በግልጽ ታየ፣ አድቫይዘሬም "እንግዲህ ርዕስህ ይሄው ነው" አሉ። ያማረርኩት ብርድ ቴሲስ ሆነ።

ቁጥር ላይ አትሰስቱ። የፕላስቲክ መጎተት ሙከራ ስታንዳርዱ ኤኤስቲኤም ዲ638 እንደ ፕሪንት በየአቅጣጫው ጥንካሬው ለሚለያይ ማቴሪያል 10 ሳምፕል ይላል፣ 5 በአንዱ 5 በሌላው አቅጣጫ፣ እናንተ ግን ለመብራቱ ጨምራችሁ አትሙ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ያቺ የበረደች መስመር ግን ደካማ ሆና ትቀራለች፣ እኔ እንደዛ የሆኑትን አንዱንም ዳታ ውስጥ አላስገባሁም። ክረምት ላይ ደግሞ ፊላመንቱ (የፕላስቲክ ክሩ) እርጥበት ይስባል፣ ክዳን ባለው ባልዲ ሲሊካ ጄል ጨምራችሁ አስቀምጡት።

ጊሩን ከዲፌንስ በኋላ አትሜዋለሁ፣ ሌየሩ ጥርሱን እንዳይሰነጥቀው አስተኝቼ። ፕሮፖዛል የጀመራችሁ ካላችሁ ላኩልኝ፣ አነብላችኋለሁ።